ሆዴንና አእምሮዬን አብሬ ሳሳክም ያየሁት

ጅማ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክትትል ያለው ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ደጋግሞ ከሚሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሆዱን ብናሳክመው ይሻለው ይሆን?» የሚለው ነው። ጠያቂዎቹ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከዴዶ፣ አንዳንዴም ከየምና ከካፋ ታማሚ ይዘው የመጡ አባቶች፣ እናቶችና እህቶች ናቸው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ «የአእምሮ ሕመም የሚጀምረው ከአንጀት ነው» የሚል ቪዲዮ በስልካቸው አይተው የሚመጡ ወጣቶች በዝተዋል። እኔ ባይፖላር የተባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለብኝ፣ ሕመሙ በበረታባቸው ጊዜያት ከእውነታ ወጥቼ የማውቅ፣ መድኃኒቴን እየወሰድኩ በመምህርነት ሥራዬ ላይ ለብዙ ዓመታት የቆየሁ የጅማ ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ጨጓራዬና አንጀቴ ከአእምሮዬ ጋር አብረው ሲያስቸግሩኝ ስለኖሩ ጉዳዩን ከሐኪሞቼ ጋር ብዙ ጊዜ ተነጋግሬበታለሁ፣ ያገኘሁትንም አንብቤያለሁ። የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር፤ በሆድ፣ በሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓትና በከባድ የአእምሮ ሕመም መካከል ዝምድና አለ፤ ይሁን እንጂ ለታማሚው ዛሬ የሚጠቅመው የዝምድናው ክፍል ቪዲዮዎቹ የሚያወሩት አይደለም።

በእኔም ላይ ሕመሙ መጀመሪያ የታየው በሆዴ በኩል ነበር። የመጀመሪያው ድባቴ ሲይዘኝ ለማንም «አዝኛለሁ» ወይም «ተስፋ ቆርጫለሁ» አላልኩም፤ ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ምግብ አልወርድ ይለኛል፣ ጠዋት ስነሳ ሆዴን ባር ባር ይለኛል ነበር ያልኩት። በአካባቢያችን እንዲህ ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ጨጓራ ነው ይባላል። ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒት፣ ቀጥሎ የአሜባ መድኃኒት፣ ከዚያም «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ የታዘዘልኝን መርፌ በየተራ ወሰድኩ። ድባቴ በብዙ ሰው ላይ፣ በእኛም አገር፣ በቅድሚያ የሰውነት ሕመም መስሎ እንደሚቀርብ ያስረዳኝ በኋላ ያገኘሁት ሐኪም ነው። ለታይፎይድ የሚደረገው ዊዳል የተባለ የደም ምርመራም ብቻውን በሽታው መኖሩን እንደማያረጋግጥ፣ ከዚህ በፊት የተያዘ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ላይም «አለ» ሊል እንደሚችል የነገረኝ እርሱው ነበር።

ድባቴው ከለቀቀኝ በኋላ ተቃራኒው መጣ። እንቅልፍ ጠፋ፣ መብላት ረሳሁ፣ የአገሪቱን የትምህርት ሥርዓት የምለውጥበት ዕቅድ በራእይ እንደተሰጠኝ አምኜ ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ ማደር ጀመርኩ። ታላቅ ወንድሜ በብዙ ማባበል ወደ ሆስፒታል ወሰደኝ፤ ያ የማኒያ ክስተት መሆኑና መድኃኒት እንዳለው የታወቀውም ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ የሆዴ ነገር ከአእምሮዬ ሕመም ጋር ተያይዞ አንድ ቀን እንኳ አልታየም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሆዴ ነገር ሁሉ ለአእምሮዬ ሕመም ተሰጠ። ሁለቱም አያያዝ ጎድቶኛል፤ የትኛው እንደሚብስ ግን አሁንም አከራካሪ ሆኖብኛል።

የበሽታ መከላከያ ሥርዓትና አእምሮ እንደሚገናኙ ሐኪሞች መጠርጠር የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ኦስትሪያዊው የአእምሮ ሐኪም ዩሊየስ ቫግነር ያውሬግ በ1917 እ.ኤ.አ. ቂጥኝ አእምሯቸውን ላወከባቸው ሰዎች በትኩሳቱ እንዲሻላቸው ሆን ብሎ ወባ ሰጥቷል፤ በዚህም ሥራው በ1927 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በክረምት መውጫ ወባን ስንሸሽ ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ለጆሮ ይከብዳል፤ በሕክምናው የሞቱም ነበሩ፣ ፔኒሲሊን ሲመጣም ቀርቷል። ታሪኩን የማነሳው ግን በዚያ ዘመን በአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ ከነበሩት ታማሚዎች ብዙዎቹ የያዛቸው ኢንፌክሽን እንደነበረ፣ ኢንፌክሽኑ ሲታከምም «እብደት» ይባል የነበረው ነገር በአንዳንዶቹ ላይ እንደተሻለ ስለሚያሳይ ነው።

ከዚህ የቀረበውና ለታማሚ ቤተሰብ ይበልጥ የሚጠቅመው ማስረጃ በ2007 እ.ኤ.አ. ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ የገለጹት ሕመም ነው። በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ ራሱ የሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት አንጎል ውስጥ ኤንኤምዲኤ የተባለውን መልእክት ተቀባይ ያጠቃሉ። የሚያዙት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ በአንዳንዶቹ ላይ መነሻው በእንቁላል ማምረቻ ላይ የበቀለ ዕጢ ሆኖ ይገኛል። ታማሚዋ በመጀመሪያ ትጠራጠራለች፣ ድምፅ ትሰማለች፣ ትረበሻለች፤ ለሚያያት ሁሉ ስኪዞፍሬኒያ ይመስላል። ቀጥሎ ግን የሚጥል በሽታ፣ የአፍና የእጅ ያለፈቃድ መንቀሳቀስ፣ ንግግር ማቆም፣ ትኩሳት፣ የልብ ምትና የትንፋሽ መዛባት ይከተላል። ሕክምናው የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒትና ዕጢ ካለ እርሱን ማውጣት ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙዎች ይድናሉ። ይህ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሕመም ነው። ነገር ግን ጤነኛ የነበረች ልጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ከተረበሸች፣ በተለይም ትኩሳት ወይም የሚጥል በሽታ ከታከለበት፣ ቤተሰብ የነርቭ ሐኪምም እንዲያያት መጠየቅ ይገባዋል፤ ጥያቄው ምንም አያስከፍልም።

ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር በአብዛኛው እንዲህ ያለ አንድ የተለየ መንስኤ አይገኝላቸውም። የዴንማርክ ተመራማሪዎች የአገራቸውን የጤና መዝገብ መርምረው በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በከባድ ኢንፌክሽን ሆስፒታል ተኝተው የነበሩና የሰውነት መከላከያቸው ራሳቸውን የሚያጠቃ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በኋላ ስኪዞፍሬኒያ የሚይዛቸው ከሌላው ሰው በበለጠ እንደሆነ አሳይተዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በበሽታ መከላከያ ሥራ የሚታወቅ ሲ4 የተባለ ዘረ መል ከስኪዞፍሬኒያ ተጋላጭነት ጋር የተያያዘ መሆኑ ታትሟል። እነዚህን ሳነብ ያጽናናኝ ሕመሜ የሰውነት ሕመም መሆኑ ነው፤ የእናቴን እርግማን ወይም የራሴን ስንፍና ሲጠረጥሩ ለነበሩ ዘመዶቼም የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር። ሆኖም ተጋላጭነት ማለት መታመም አይደለም፤ ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት እንዲህ ያለ ሕመም አይነካቸውም።

ወደ አንጀት ስንመጣ፣ በቪዲዮዎቹ የሚነገሩት አብዛኞቹ ነገሮች ከእውነት ይነሱና መሃል ላይ መንገድ ይስታሉ። በሰውነታችን ውስጥ፣ ይበልጡን በትልቁ አንጀት፣ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚገመቱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። በአንጀት ዙሪያ በርካታ የሰውነታችን መከላከያ ሕዋሳት ይገኛሉ። ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል የሚዘልቅ ቬገስ የተባለ ነርቭ አለ፤ የሚበዙት ክሮቹ መልእክት የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ አንጀት ውስጥ ይመረታል። እስከዚህ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን አንጀት ውስጥ የተመረተው ሴሮቶኒን ከደም ወደ አንጎል አያልፍም፤ «አንጀትህን ካጸዳህ የደስታ ሆርሞንህ አእምሮህን ይሞላዋል» የሚለው ስብከት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

በ2004 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ያለ ምንም ተሕዋስያን ያደጉ አይጦች ሲጨነቁ ሰውነታቸው ከሌሎቹ አይጦች የበለጠ የጭንቀት ሆርሞን እንደሚያመነጭ፣ ጠቃሚ ባክቴሪያ በጊዜ ሲሰጣቸውም ይህ እንደሚስተካከል አሳይተዋል። ይህን ለሐኪሜ ሳነሳለት ፈገግ ብሎ «መልካም፤ አይጧ ግን መድኃኒት አቋርጣ አታውቅም» አለኝ። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ትንንሽ ናቸው። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ሙከራ ስኪዞፍሬኒያ ላለባቸው ሰዎች ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዘ ክኒን ሲሰጥ የአእምሮ ምልክቶቻቸው አልተሻሉም፤ የሆድ ድርቀታቸው ግን ቀንሷል። እዚያው አገር በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ሌላ ሙከራ ደግሞ በማኒያ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 66 ሰዎችን ለ24 ሳምንታት ተከታትሏል፤ ባክቴሪያውን ከወሰዱት 33 ሰዎች መካከል 8 ጊዜ፣ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን ከወሰዱት 33 መካከል ደግሞ 24 ጊዜ ሆስፒታል መመለስ ተመዝግቧል። እንደ እኔ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ መሞቁ አይቀርም። ይሁንና ሁሉም የተለመደ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ነበር ባክቴሪያውን የወሰዱት፤ የ66 ሰዎች ውጤትም በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተደግሞ እስኪታይ ድረስ ተስፋ እንጂ ሕክምና አይባልም። ክኒኑ በፋርማሲ ሲገኝም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ከገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ ያ ገንዘብ ለትራንስፖርትና ለቋሚው መድኃኒት ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ።

እንግዲህ ዛሬ የሚጠቅመው ያልኩት ክፍል ከዚህ ይጀምራል። የምወስደው ካርባማዜፒን ነው፤ ብዙ ሰው ተግሬቶል በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ማታ ማታ ደግሞ ሪስፐሪዶን አለኝ። የጨጓራ ሕመሜ በበረታበት አንድ ወቅት ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ተመረመርኩና ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ተገኘብኝ። ክላሪትሮማይሲን፣ አሞክሳሲሊንና ኦሜፕራዞል ታዘዘልኝ፤ ሌላ ምን እንደምወስድ የጠየቀኝ አልነበረም። ማዘዣውን ይዤ አጂፕ አካባቢ ወደሚገኝ ፋርማሲ ገባሁ። መስኮቷ ላይ የነበረችው ወጣት ፋርማሲስት ወረቀቱን አንብባ ከጨረሰች በኋላ መድኃኒቱን ለማውረድ ወደ መደርደሪያው አልዞረችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ በቋሚነት የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰው ስለነበረ ስሙን መናገር ከበደኝ፤ የክትትል ካርዴን አውጥቼ በመስኮቱ አቀበልኳት። ካርዱን ከማዘዣው ጎን አስቀምጣ በጣቷ አንዱን ከሌላው እያመሳከረች አየችና «ይህንን ሐኪምዎ ሳያውቅ አልሰጥዎትም፤ ክላሪትሮማይሲን ካርባማዜፒኑን ደም ውስጥ ያበዛዋል፤ ሊያዞርዎት፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ሊታይዎት፣ ሊጥልዎት ይችላል» አለችኝ። ሽያጯን እያጣች እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ሐኪሜን አገኘሁት፤ ከክሊኒኩ ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋግረው መድኃኒቱ ተቀየረልኝ። በዚያው አጋጣሚ ያስረዳኝ ነገር ይበልጥ አስገረመኝ። አንዳንድ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች፣ በተለይ ክላሪትሮማይሲን፣ አልፎ አልፎ በራሳቸው ማኒያ እንደሚቀሰቅሱ በሕክምና ተመዝግቧል። ለቲቢ የሚሰጠው ኢሶኒያዚድም አእምሮን የሚያውክበት ጊዜ አለ። ለተቅማጥና ለታይፎይድ እየተባለ እንደ ዋዛ የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን የተባሉትን የአእምሮ መድኃኒቶች ደም ውስጥ ከልክ በላይ እንዲከማቹ ያደርጋል፤ የሚወስደው ሰው ቀን ከሌት ያንቀላፋል፣ ይደክማል፣ ቤተሰቡም ሕመሙ ተመለሰ ብሎ ይደነግጣል። ከዚህ የተነሳ ለሆድ ሕመም ከመርካቶ ወይም ከሰፈር ሱቅ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ለእኛ ከሌላው ሰው በላይ አደገኛ ነው። ይህን ስል ግን ኢንፌክሽን አይታከም ማለቴ አይደለም፤ የቲቢ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ይውሰድ፣ ሁለቱም ሐኪሞች ስለሁለቱም መድኃኒቶች ይወቁ።

ኤች ፓይሎሪ ጨጓራን ለዓመታት ሲያቆስል ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ የመውሰድ አቅም ሊቀንስ ይችላል። ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ መውሰድም፣ ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚንም ያንኑ ያስከትላሉ። የቢ12 እጥረት የእግር መደንዘዝና የደም ማነስ ብቻ አያመጣም፤ መርሳት፣ ድባቴ፣ አልፎ አልፎም ከእውነታ መውጣት ሊያስከትል ይችላል። እኛ አገር ኦሜፕራዞል ያለ ማዘዣ ለወራት የሚዋጥ በመሆኑ፣ ሥጋና ወተት አዘውትሮ የማያገኘውም ሰው ብዙ በመሆኑ ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። እኔ ጠይቄ ተመርምሬያለሁ፤ መጠኑ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ መርፌ ተሰጠኝ። ባይፖላሩን አላጠፋልኝም፤ የእግሬን መደንዘዝና ከመድኃኒቱ ነው ብዬ የተቀበልኩትን ድካም ግን አቅልሎልኛል። የመንጠቆ ትልም እንደዚሁ ነው፤ ደም እየመጠጠ ሰውን ያዝላል፣ ድካሙም ድባቴ ወይም የመድኃኒት ጉዳት ይመስላል። የሰገራ ምርመራ በየጤና ጣቢያው አለ፣ መድኃኒቱም ርካሽ ነው።

በወረፋ ላይ ከተዋወቅኳቸው ሰዎች አንዷ ሊቲየም ትወስዳለች። ሊቲየም ለባይፖላር ከሁሉ የተመሰከረለት መድኃኒት ቢሆንም ከሰውነት ውኃና ጨው ጋር የተሳሰረ ነው፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሰውነትን ሲያደርቅ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ተከማችቶ መርዝ ይሆናል። እጅ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ምላስ ይያያዛል፣ አካሄድ ይንገዳገዳል፤ ይህ ሲታይ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ለራስ ምታትና ለወገብ የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም የሊቲየምን መጠን ከፍ ያደርጉታል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ፣ በጾም ጸበል ጠጥተው ደጋግመው የሚያስመልሱና የሚያስቀምጡ ታማሚዎች ይህን ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው ቢነጋገሩበት መልካም ነው። እኔ በረመዳን መድኃኒቴን በኢፍጣርና በሱሁር ሰዓት የምወስድበትን አደላደል ሐኪሜ ከጾሙ በፊት ያወጣልኛል። የመስጊዳችን ኢማምም በሽተኛ እንዳይጾም የተፈቀደለት መሆኑን ደጋግመው ይናገራሉ፤ የሚሰማቸው ግን ጥቂት ነው።

ስለ ሆድ ድርቀት በአእምሮ ክሊኒክ ውስጥ በግልጽ የሚናገር ሰው አይገኝም። ያፍራሉ። ነገሩ ግን የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያሰጋ ነው። ለአእምሮ ታካሚዎች ከሚሰጡት መድኃኒቶች አርቴን፣ ክሎርፕሮማዚን፣ ከሁሉም በላይ ክሎዛፒን የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በክሎዛፒን ምክንያት የሚመጣ የሆድ ድርቀት አንጀትን ዘግቶ ሊገድል እንደሚችል በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያውን አጥብቋል። ሆድ ሲነፋ፣ ማስመለስ ሲመጣ፣ ለቀናት ሰገራም ፈስም ሳይወጣ ሲቀር ተልባ መጠጣት መፍትሔ አይሆንም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ክሎዛፒን ነጭ የደም ሕዋሳትንም ሊያሟጥጥ ስለሚችል በየጊዜው ደም ይመረመርለታል፤ ካርባማዜፒንም እንዲህ የሚያደርግበት አልፎ አልፎ የሚታይ ጊዜ አለ። ስለዚህ እነዚህን የሚወስድ ሰው ድንገት ትኩሳት፣ የጉሮሮ ቁስል ወይም የአፍ ቁስል ከያዘው «ጉንፋን ነው» ብሎ መተኛት የለበትም። ካርባማዜፒን የሚወስድ ደግሞ ቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣ በዚያኑ ዕለት ይታይ።

ስለ ምግብ የምለው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሰው ሁሉ አብዝቶ የሚጠይቀኝ ግን ይህንኑ ነው። ጎመን፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎደሬ፣ በየጓሮው የሚበስለው አቮካዶ ለአንጀት የሚበጁ ናቸው፤ ድርቀትንም፣ ከሪስፐሪዶን ጋር የሚመጣውን ውፍረትም ለመቆጣጠር ረድተውኛል። ስንዴ አቁም የሚለው ምክር ሴሊያክ የተባለው የአንጀት ሕመም ላለበት ሰው ተገቢ ነው፤ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው ደግሞ፣ ዱቄቱ ካልተደባለቀ በቀር፣ ፈረንጆች በውድ የሚገዙትን ከግሉተን (ሴሊያክን ከሚያባብሰው የስንዴ ፕሮቲን) ነጻ ምግብ ሳያውቀው ሲበላ ኖሯል። እንጀራ ቦክቶ ስለሚጋገር ሕያው ባክቴሪያ ይሰጣል የሚሉም አሉ፤ ምጣዱ ላይ የሚተርፍ ባክቴሪያ ግን እምብዛም ነው።

ሕያው ባክቴሪያ የሚገኘው ከእርጎ ነው። በቤታችን በዚህ ጉዳይ ባለቤቴና እናቷ ሳይስማሙ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቴ ወተቱን በቅድሚያ ታፈላዋለች፤ ለብ ሲል ካለፈው እርጎ ጥቂት ማንኪያ ለእርሾ ትጨምርበትና በወይራ በታጠነ ቅል ገልብጣ አፉን ትከድነዋለች። አማቴ ደግሞ «የፈላ ወተት ሞቷል፤ ምን እርጎ ይወጣዋል?» ይላሉ። እኔ ከባለቤቴ ጎን ነኝ፤ ካልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ይተላለፋሉ፣ ብሩሴሎሲስም ከሚመላለስ ትኩሳቱ ጋር ድባቴን ያመጣል። እርጎው እንደሆነ በእርሾው ይረጋል፤ እወደዋለሁም። ሕመሜን ይፈውሳል ብዬ ግን አልጠጣውም።

ስለ ጅማ ተጽፎ ጫትና ቡና ሳይነሱ አይታለፍም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአንጎል ላይ የሚሠራው እንደ አምፌታሚን ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ ለተጋለጠ ሰውም ጥርጣሬንና ድምፅ መስማትን ያባብሳል። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ማኒያን ይጎትታል፤ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ከመድኃኒት ጋር ሲደራረብ ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው። በርጫ በእኛ ከተማ የለቅሶም የሠርግም የወዳጅነትም ቦታ ስለሆነ «ተወው» ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ከጓደኞቼ ጋር እቀመጣለሁ፣ አልቅምም፣ እነርሱም ለምደውታል። ቡናን በተመለከተ ጠዋት አቦሉን እጠጣለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሲጋብዙኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ከሁሉ ያስጨንቀኛል። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት አንድ የማውቀው ወጣት «ሆዴ ውስጥ እባብ ገብቷል፣ ይጠመጠማል» ማለት ጀመረ። ወደ ድንገተኛ ክፍል ተወስዶ ነበር፤ የሚወስደው መድኃኒት ሲታወቅ ሕመሙ ተባብሶበት ነው ተብሎ ማረጋጊያ መርፌ ተወጋና ተመለሰ። አክስቱ ግን ሌሊት ሌሊት ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ እንደሚተኛ፣ ሽሮ እንኳ አልበላም እንዳለ፣ ሆዱም እንደ ከበሮ እንደተወጠረ አስተዋለች። በማግሥቱ ወደ ሌላ ቦታ ይዛው ሄደች፤ በቀዶ ሕክምና ሲታይ አንጀቱ ተጠማዞ ነበር። ልጁ ሲናገር የነበረው እውነቱን ነው፣ የተናገረው ግን ሕመሙ በሰጠው ቋንቋ ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሥጋ ሕመማቸውን ሳይናገሩ የሚቀሩበት፣ ሲናገሩም የማይታመኑበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ አስታማሚው በቃላቸው ብቻ ሳይወሰን ሆዳቸውን፣ አበላላቸውን፣ አተኛኘታቸውንና መጸዳዳታቸውን ማየት ይኖርበታል።

እኔ የመድኃኒቶቼን ስምና መጠን፣ የማይስማሙኝን መድኃኒቶች፣ የባለቤቴንና የሐኪሜን ስልክ የያዘች ወረቀት በመታወቂያዬ ሽፋን ውስጥ እይዛለሁ፤ መድኃኒት ሲቀየር ወረቀቷም ትቀየራለች። ለባለቤቴም አንድ ነገር ነግሬያታለሁ፤ ምናልባት ሐሳቤ ተዛብቶ ሳለ ሆዴን ቢያመኝና ድንገተኛ ክፍል ብንደርስ፣ የአእምሮ ታካሚ መሆኔን ከመናገሯ በፊት ሕመሙ መቼ እንደጀመረኝ፣ መጨረሻ መቼ እንደተጸዳዳሁ፣ ትኩሳት እንዳለኝና እንዳስመለሰኝ ትናገር፤ ወረቀቷን ከዚያ በኋላ ትስጣቸው፣ ሆዴን በእጃቸው ዳስሰው ሳያዩም ከዚያ ይዛኝ እንዳትወጣ።